አባ ለሊፍት ፈተና ሲያጠና በሩ እኔ ነበርኩ

በረዶ ልገዛ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ከፊቴ የሰፈር ሴቶች፣ ከኋላዬ ትምህርት ቤት የማውቃቸው ልጆች ተሰልፈዋል። ፀሐዩ የድሬ ፀሐይ ነው፤ ሰው ሁሉ ግድግዳው ጥላ ላይ ተለጥፏል። ድንገት ከታች በኩል የባጃጅ ጡሩምባ ያለማቋረጥ እየጮኸ መጣ። ሙሽራ መስሎኝ ዞር ስል የግቢያችን ባጃጅ ነው። አባ ከኋላ ወንበር ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኸ።

«የሦስተኛ ፎቅ በር! አለፍን! ብቁ ተባልን!»

በረዶ ሻጯ እጇን ከማቀዝቀዣው ሳታወጣ፣ «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚጠራው?» አለች።

«እሷን ነው!» አሉ ከኋላዬ ያሉት ልጆች ተሽቀዳድመው። «በሯ እሷ ናት!»

ፊቴ ነደደ። ከአንገቴ በታች ደስታ፣ ከአንገቴ በላይ ሀፍረት ሆንኩ። እግሬ ሊዘል ይፈልጋል፣ ዓይኔ ደግሞ ከጫማዬ ላይ አልነሳ አለኝ። በረዶውን ሳልገዛ ሮጥኩ፤ ባጃጁ ቀስ እያለ እያጀበኝ፣ አባ ከላይ «ብቁ! ብቁ!» እያለ፣ ልጆቹ ከኋላ እየሳቁ ቤት ደረስን።

ከዚህ በፊት ስለ ራሴ ስጽፍ የማፍርበትን እየዘለልኩ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ አንድ ገጽ እንኳ የማይሞላልኝ። ዘንድሮ ግን ያፈርኩበትን ሁሉ ብዘል ከጽሑፉ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ ሳልዘል እጽፋለሁ።

አባቴ ኤሌክትሪሺያን ነው። መጀመሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በጥገና ሠርቷል፤ ኋላ አንድ ሆቴል ሊፍት ሲያስገባ ከውጭ ከመጡት ሰዎች ጋር ሽቦ ሲጎትት ቆይቶ ሥራውን እጁ ላይ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ድሬ ውስጥ ሊፍት ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ግን ፈቃድ የለውም። ሥራውን ጨርሶ፣ ላቡን ጠርጎ ከወረደ በኋላ ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው ይመጣና ይፈርማል። ወረቀቱም የዚያ ሰው፣ ሥራውም የዚያ ሰው ይባላል። አባ በራሱ ስም እንዲሠራ የሊፍት ኤሌክትሪክ ተቋራጭ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለፈቃዱ ደግሞ የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት።

ሳቢያን ሰፈር በኩል ሕንፃ የሚያሠሩ አንድ ሐጂ አሉ። አባን ይወዱታል። «የሊፍቱን ሥራ ላንተ አቆይቼዋለሁ» ብለውት ነበር። «ግን ወረቀት ይዘህ ና። ዘንድሮም ካላለፍክ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ አትቀየመኝ።»

«ዘንድሮም» ያሉት አባ አንዴ ስለወደቀ ነው። እሱን የመጀመሪያውን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። ውጤቱ ሳይነገር አባ ለሰፈሩ ሁሉ አለፍኩ ብሎ ነበር፤ የግቢው ሴቶችም ትልቅ ትሪ ሙሸበክ አሠርተው አመጡ። ከዚያ ውጤቱ መጣ። «ገና ብቁ ያልሆነ» ይላል። ሙሸበኩ መሐላችን ተቀምጧል፣ ጣፋጩ ያብረቀርቃል፣ ማንም ማንንም አያይም። ኋላ አንዷ «እንግዲህ አይጣልም» አለችና አንድ አንድ እያነሳን ዝም ብለን በላን። እንደዚያ ያለ የሚያሳፍር ጣፋጭ በልቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ከቤት ሲወጣ በትልቁ መንገድ፣ በፀጉር ቆራጩ በኩል ማለፍ ትቶ በጓሮ ያለችውን ጠባብ መንገድ ያዘ።

የወደቀው ባለማወቅ አይደለም። አባ በእጁ ነው የሚያስበው። ሳጥኑን ከፍተህ ብትሰጠው ጣቱ ራሱ ይሄዳል። «ስሙን እየጠራህ በቅደም ተከተል አስረዳ» ስትለው ግን አፉ ይያያዛል። ቤት ኦሮምኛ፣ ሥራ ላይ ሁሉንም ቀላቅለን ነው የምንናገረው፤ ፈተናው ደግሞ በአማርኛ ነው፣ ያውም በወረቀት አማርኛ። በዚያን ጊዜ «ይህቺ ከዚህቺ ጋ ትገናኛለች፣ ያቺ ደግሞ ያንን ትይዛለች» እያለ ጣቱን ሲቀስር ነው ያቆሙት።

መላውን ያመጡት ጎረቤታችን ሽማግሌው ናቸው፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ። አባ የግቢው ግድግዳ ጥላ ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ ጮክ ብሎ ሲያነብ ለቀናት ሰምተው ሲሰለቻቸው፣

«አቦ ዝም በል አሁን!» አሉት። «እኛ ባቡር ላይ ምልክት ስንማር በመጽሐፍ አልነበረም። ሰው እናቆማለን። አንዱ መብራት ይሆናል፣ አንዱ መቀየሪያ ይሆናል፣ አንዱ ባቡር ሆኖ ይመጣል። የተሳሳተ ይገጫል። እንደዚያ የተማርከውን ሞት ነው የሚያስረሳህ።»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ሊፍት ዝም ብሎ አይነሳም። ከኃይሉ መነሻ እስከ ሞተሩ ድረስ ጠባቂ ስዊቾች በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ከተዘጉ ይሄዳል። አንዷ ብቻ ከተከፈተች ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብለው ኮንታክተር ይለቃል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ፍሬኑ ይይዛል። አባ የሚጠየቀው ይሄንን መስመር ነው።

እንግዲህ የግቢው ሰው መስመር ሆነ። ሽማግሌው ኃይሉ ናቸው፣ ከእሳቸው ይነሳል። ቀጥላ ሳምቡሳ የምትሸጠው ጎረቤታችን የጉድጓድ ማቆሚያ ስዊች ሆነች። እሷን አዴ ነው የምንላት። ከዚያ ጨርቅ የምትነግደው ሶማሌዋ፣ ሁላችንም ኤዶ እያልን የምንጠራት፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሆነች። እማ የመጨረሻ ገደብ ናት፣ ሊፍቱ ከልኩ አልፎ እንዳይወጣ የምትይዘው። እኔ የሦስተኛ ፎቅ በር መቆለፊያ። መጨረሻ ላይ ባለባጃጁ ሞተር ነው፤ አንድ ጀሪካን በገመድ አስሮ በግቢው የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ይስባል። ጀሪካኑ ሊፍቱ ነው።

መጀመሪያ እጅ ለእጅ ተያያዙ ተባለ። ሽማግሌው ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኔ የሰው ሚስት እጅ ይዤ አልቆምም» አሉ። አዴም «እኔስ የማንን ወንድ እጅ ልይዝ ነው?» አለች። ሥራው እዚያው ሊቀር ነበር። ኤዶ ግን ቤቷ ገብታ አንድ እቅፍ ሻሽ ይዛ ወጣች፤ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ የሚያብለጨልጭ። «ሀዬ! ሻሹን ያዙ» አለች። «አልተነካካችሁም፣ ተያይዛችኋል።» ስለዚህ በሁለት በሁለት ሰው መሐል አንድ አንድ ሻሽ ተወጠረ። መስመሩ የተወጠረ እስከሆነ ባለባጃጁ «ድርርርር» እያለ ጀሪካኑን ይስባል። አባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ከእኛ አንዱ በድብቅ ሻሹን ያላላል፤ ልቅነቱ ከሻሽ ወደ ሻሽ ያልፍና ሞተሩ ይቆማል። ያኔ አባ ዞሮ ከሽማግሌው ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ «አንቺ ምንድነሽ? ስትከፈቺ ምን ይሆናል?»

ሁሉም ድርሻውን ወደደው። አዴ ሁልጊዜ መልሷን ስትጨርስ «ሳምቡሳ ትገዛለህ?» ትላለች። ኤዶ በቁጣ ነው የምትመልሰው፤ ሊፍቱ እውነት የሸሸ ይመስል። የምሰቃየው እኔ ብቻ ነበርኩ። መስመሩ ጥላውን ተከትሎ ነው የሚቆመው፣ ጥላው የሚያልቀው ደግሞ የግቢው በር ላይ ነው፣ በዚያ ሙቀት በሩ አይዘጋም። ስለዚህ የእኔ ቦታ ልክ መንገዱ አፍ ላይ ሆነ። በአንድ እጄ ሮዝ ሻሽ፣ በሌላው ቢጫ፣ ኳስ ሊጫወቱ የሚሄዱ ወንዶች በፊቴ እያለፉ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣

«ስሚ፣ ትናንት እናንተ ግቢ ሰርግ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«ታዲያ ሻሽ ይዛችሁ ምን ትጨፍራላችሁ?»

«አባቴ እያጠና ነው።»

«በሻሽ?»

ምን ልበላት? ሊፍት ነው አልኳት። ያንን ማለቴ ጉዴን አፈላው። ከሰዓት በኋላ ወሬው ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቀድሞኝ ነበር። «ሦስተኛ ፎቅ! ክፈቺ፣ ልንወርድ ነው!» ይለኛል አንዱ። ሌላው እኔ ሳልፍ ቆም ብሎ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ «ክብደት በዝቷል! አንድ ሰው ይውረድ!» ይላል። አንዲት ልጅ ደግሞ ጣቷን ትከሻዬ ላይ ጫን አድርጋ «ቲን!» አለችኝ። ትምህርት ቤታችን ሊፍት የለውም፤ ያን ሰሞን ግን ሁሉም ሊፍት አዋቂ ሆነ።

የዚያን ዕለት ጥናቱ ሲያልቅ፣ ሻሹን እያጠፍን ለአባ ነገርኩት።

«አባ፣ ቦታ ቀይረኝ። እማ በር ትሁን።»

«እማሽ የመጨረሻ ገደብ ናት። ከእሷ በላይ ማን ይወጣል?»

«እኔን ነገር ውስጥ አታስገባኝ» አለች እማ። ግን ደስ ብሏታል።

«ሰው እያየን ነው እኮ አባ።»

«ይየን። ሰርቀን ነው?»

«መስረቅ ይሻላል፣ ተደብቆ ነው።»

ባለባጃጁ በሳቅ ፈነዳ። «እኔ ትልቅ ሰውዬ ድርርር ስል እውላለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ መቆም ከበደሽ?»

«አንተማ ለምደኸዋል። የባጃጅህ ሞተር ሲጠፋብህም እንደዚያ እያልክ ነው የምትገፋው።»

ቦታው ግን አልተቀየረም። ለካ አባ አንዴ ያስቀመጠውን ሰው ካንቀሳቀሰ መስመሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ይበጠሳል። ይሄ ስለገባኝ ቆምኩ። በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ ቆምኩ። ግን ቆሜ ማፈሬን አላቆምኩም። ፊቴን ወደ ግቢው አዙሬ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ጣቶቼን ነጠላ ጫማዬ ውስጥ እያጨማደድኩ ነበር የምቆመው። አባ እኔ ጋ ሲደርስም የወረቀቱን መልስ በአንድ ትንፋሽ አንበለብልና «አባ ቶሎ በል፣ ሰው እያየን ነው» እለዋለሁ። በየቀኑ።

ከሁሉ የከፋው ሐጂ የመጡ ዕለት ነው። ሕንፃቸው ጋ ሊሄዱ በዚያ ሲያልፉ የአባን ድምፅ ሰምተው ወደ ግቢው ብቅ አሉ። እኔ በሩ ላይ ስለቆምኩ መጀመሪያ ያጋጠምኳቸው እኔ ነኝ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ሻሹን ለቅቄ ሰላም ልበላቸው? ከለቀቅሁ ሊፍቱ ይቆማል። ከፍ አድርጌ ያዝኩትና ከሥሩ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሐጂ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ ከሮዝ ሻሽ ሥር! አባ ወደ ግድግዳው ዞሮ ስለነበር አላያቸውም። ዞሮ ጠየቀ፣ ጠየቀ፣ እኔ ጋ ደረሰ።

«አንቺ ምንድነሽ?»

ሐጂ አጠገቤ ቆመው ያዳምጣሉ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። «እኔ የሦስተኛ ፎቅ በር መቆለፊያ ስዊች ነኝ። ስከፈት ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ፍሬኑ ይይዛል።» የመጨረሻውን ቃል ለጫማዬ ነው የነገርኩት።

ሐጂ ግቢውን ዙሪያ አዩ። ሻሹን፣ ጀሪካኑን፣ ሽማግሌውን። «ማሻአላህ» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሚፈተነው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ግቢው?»

ሁሉም ሳቀ። ሐጂም ክፋት አልነበረባቸውም። አባ ግን አልሳቀም። እጁ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ። ፈገግ ለማለት ሞከረና ከንፈሩ መሐል ላይ ቀረ። ያኔ ነው ያየሁት፤ ለካ እሱም ያፍራል። እኔ መንገደኛውን ስፈራ፣ እሱ ከሙሸበኩ ቀን ጀምሮ ሁላችንንም እያፈረ ነው በመሐላችን የሚቆመው። ሐጂ ሲወጡ ሻሹን ከፍ አደረግሁላቸው። አባ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «እንደገና» አለ።

የምዘናው ዕለት እማ አብሬው እንድሄድ ላከችኝ። «ቢወድቅ በጓሮ እንዳይመጣብኝ» አለች። «በትልቁ መንገድ ይዘሽው ነይ።»

ወርክሾፑ ከሙቀቱ የተነሳ ትልልቅ በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ተራ የሚጠብቁት ተመዛኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ገና ኮሌጅ የጨረሱ ወጣቶች ናቸው። እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ሆኜ ሁሉንም አያለሁ፣ እሰማለሁ። መሐል ላይ የሊፍት መቆጣጠሪያ ሳጥን ቆሟል። አጠገቡ መዛኙ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ሰውዬ።

አባ ተጠራ። ገባና፣ «እንዴት ነህ አቦ? ሙቀታችን አልከበደህም?» አለው። እኛ ጋ እንግዳም ቢሆን አንተ ነው። መዛኙ ቀና ብሎ አየው። እኔ ወዲያው በዓይኔ ወደ ጫማዬ ወረድኩ።

«ይሄ ሊፍት አይነሳም» አለው መዛኙ። «ምክንያቱን ፈልግ።»

አባ ቴስተሩን ይዞ ሄደ፣ አገኘው። እስከዚህ ባለፈውም ደርሶ ነበር።

«ጥሩ። አሁን መስመሩን ከመነሻው እስከ ሞተሩ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ምንድነው? ሲከፈት ምን ይሆናል?»

አባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኃይሉ ከሽማግሌው ይነሳል።»

«ከማን?»

«ከሽማግሌው። ከዚያ ወደ ሳምቡሳዋ ይሄዳል።»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። መዛኙ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ወንድሜ፣ እኔ ሊፍት ነው የጠየቅኩህ።»

«አዎ፣ ሊፍት… ከሳምቡሳዋ ወደ ኤዶ…» አለና አባ ቆመ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የሙሸበኩ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን የነበርን ጊዜ የነበረው ዝምታ ነው። እንደዚያ ሲማር ሰዎቹን ያዘ፣ የስዊቾቹን ስም ጣለ። ሽማግሌው የተሳሳተ ይገጫል ያሉት ይሄ ነው ብዬ ዛፉን በእጄ ያዝኩ።

«ትንሽ ላስብ?» አለ አባ።

«አስብ።»

አባ ሳጥኑን ትቶ ወደ ወርክሾፑ ባዶ ወለል ሄደ። ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ተራመደና ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ቆመ።

«አንቺ ምንድነሽ?» አለ ለባዶው።

ከዚያ ወገቡን ያዘ፣ ድምፁን አቀጠነ፣ አዴን ሆነ። «እኔ አቦ የጉድጓድ ማቆሚያ ስዊች ነኝ። ሰው ጉድጓድ ገብቶ ሲሠራ እኔን ይጫነኛል፤ ስከፈት ሊፍቱ ንቅንቅ አይልም። ሳምቡሳ ትገዛለህ?»

የሳቀው ሁሉ ይበልጥ ሳቀ። መዛኙ ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። አባ አልሰማቸውም። አንድ እርምጃ ሄደ። «አንቺስ?» ደረቱን ነፋ፣ ኤዶን ሆነ። «ሀዬ! እኔ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነኝ። ከልኩ በላይ ከሮጠ መጀመሪያ መስመሩን እከፍታለሁ። አልሰማ ካለ ካቢኑን ከሐዲዱ ጋር አስይዘዋለሁ!» ደግሞ አንድ እርምጃ። እማን ሆነ፣ ሻሽ እንደሚያስተካክል ሰው እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። «እኔ የመጨረሻ ገደብ ነኝ። ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ከእኔ በላይ አይወጣም።»

ቀጥሎ ያለችው ማን እንደሆነች አወቅኩ። «አባ፣ አይሆንም» አልኩ ለዛፉ።

አባ አንገቱን ሰበረ። ሁለት እጁን ወደ ጎንና ጎን ትንሽ አነሳ፣ ሻሽ እንደያዘ። ጣቶቹን ጫማው ውስጥ አጨማደደ፤ ከውጭ ይታያል። ከዚያ በእኔ ድምፅ፣ በዚያ አፍንጫ አፍንጫ በሚል ድምፅ፣

«እኔ የሦስተኛ ፎቅ በር መቆለፊያ ስዊች ነኝ ስከፈት ኮንታክተሩ ይለቃል ሞተሩ ይቆማል ፍሬኑ ይይዛል አባ ቶሎ በል ሰው እያየን ነው!»

መዛኙ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አግዳሚው ላይ አንዱ ረጅም ልጅ ወደ ውጭ አየ፣ እኔን አየኝ፣ አቋቋሜን አየ። ለካ እኔም ዛፉ ሥር ልክ እንደዚያው ቆሜያለሁ።

«ያቺትና!» ብሎ ጮኸ። «በሯ ያቺትና!»

ሁሉም ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የጉድጓድ ማቆሚያውን ሳልጫን እገባላት ነበር።

መዛኙ ወረቀቱን ሲያወርድ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «እሺ። ልጅህ ትክክል ናት» አለው። «አሁን አንተን ልጠይቅህ። በሩ መዘጋቱ ብቻ ይበቃል?»

አባ ዓይኑን ገለጠ። በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ መለሰ። «አይበቃም። መቆለፍ አለበት። ተዘግቶ ካልተቆለፈ ሊፍቱ መነሳት የለበትም።»

መዛኙ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም።

በትልቁ መንገድ ይዤው ሄድኩ፣ እማ እንዳለችው። ግን አላናገርኩትም። ፀጉር ቆራጩ ጋ ስንደርስ፣

«ሰማሽኝ?» አለኝ።

«ያልሰማህ ከከተማ ውጭ ዋሂል ያለ ሰው ብቻ ነው።»

«ተቀየምሽ።»

«ለምን እኔን አደረግከኝ? ሌሎቹን ብቻ ብትል አይበቃም?»

«ሌሎቹን ረስቻቸው ነበር እኮ» አለ። «ዓይኔን ስጨፍን ሁሉም ጠፉ። አንቺ ብቻ ቆመሻል። ተኮሳትረሽ፣ አንገትሽን ሰብረሽ። ከአንቺ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው ሌሎቹን ያገኘኋቸው። ሁሉም ሲስቁ ይመሳሰላሉ። አንቺ ብቻ ነሽ እያፈርሽ የቆምሽው።»

ፀጉር ቆራጩ ከውስጥ እጁን አነሳለት፤ አባም አነሳ።

ውጤቱ እስኪመጣ አባ ለማንም ምንም አላለም። ጣፋጭም አልታዘዘም። እኔ ግን ለብቻዬ ደግሜ ደግሜ አፈርኩ፤ እዚያ ከነበሩት ተመዛኞች ግማሾቹ የከተማው ልጆች ናቸው፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸው እኛ ትምህርት ቤት ይማራሉ። «አባ ቶሎ በል፣ ሰው እያየን ነው!» የሚለው ደረጃው ላይ አዲስ መጣ። እሱም ሳይደበዝዝ ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ መጣ፣ የቀረውን ታውቃላችሁ።

ሐጂ በዚያው ቀን ሥራውን ሰጡት። የሕንፃው ወረቀት ላይ የሚገባው የአባ ስም ነው። አሁንም ሲያገኙኝ «በሯ፣ ደህና ነሽ?» ይሉኛል፤ እኔም «ደህና» እልና ወደ ጫማዬ እወርዳለሁ። አልለቀቀኝም። ደስታው ሀፍረቱን ያጠፋዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላጠፋውም፣ አጠገቡ ተቀመጠ እንጂ።

ከውጤቱ በኋላ ደግሞ ያ ረጅም ልጅ፣ «ያቺትና» ያለው፣ ግቢያችን በር ላይ መጣ። እሱ ምዘናውን አላለፈም። እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ እኔን ላለማየት ጀሪካኑን እያየ፣ «አባትሽ አለ?» አለኝ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልስቅበት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። አባን ጠራሁት። ኤዶ አረንጓዴ ሻሽ ሰጠችው፣ ሽማግሌው «ቀጥ ብለህ ቁም!» አሉት፣ ጨዋታው ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹም ይመጣሉ። አባ አሁን የስዊቾቹን ትክክለኛ ስም ሦስት ጊዜ ሳያስጠራ ማንንም አይለቅም፤ ሳምቡሳ ማለት ክልክል ነው፣ ከተገዛ በቀር።

ይሄን እየጻፍኩ እንደሆነ ሲሰማ አባ «ጋብዣቸው» አለኝ። ስለዚህ ግብዣው የእሱ ነው፣ እኔ አድራሽ ነኝ። ፈተና ያለባችሁ፣ የሊፍት ባይሆንም ግድ የለም፣ አንዴ ወድቃችሁ በጓሮ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ በተለይ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ግቢው ውሃ ሲረጭ ኑ። የደቻቱን ወንዝ ይዛችሁ ስትመጡ በር የማይዘጋበት ግቢ የእኛ ነው። ወንበር አያስፈልግም፣ ሻሽ አለ። የምታፍሩ ከሆናችሁ ደግሞ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ከመንገድ የማይታይ አንድ ቦታ አለ። አባን ለምኜ ያስከፈትኩት ነው። ቀድሞ ለመጣ እሰጠዋለሁ፤ ለማንም አልናገርም።